ኳሱን ለፈጣኑ ልጅ እንስጠው ወይስ በእሱ እናስፈራራ?

አባ መላ፦
ትናንት ሥራ ቦታ ከአንድ ልጅ ጋር ስንነታረክ አመሸን፤ እናንተም ፍረዱን። ስለ ኮሌጅ ፉትቦል ነው፣ የአሜሪካኖቹ። ቡድንህ ውስጥ ማንም የማይደርስበት አንድ ሯጭ አለ እንበል። የማጥቃት ጨዋታውን በሙሉ በእሱ ዙሪያ ትሠራለህ? እኔ አልሠራም። ምስክሬ ታቮን ኦስቲን ነው። ኖቬምበር 2012፣ ዌስት ቨርጂኒያ ከኦክላሆማ። ልጁ ሪሲቨር፣ ማለትም የሚወረወር ኳስ ተቀባይ ነበር፤ አሰልጣኙ ዳና ሆልገርሰን ራኒንግ ባክ፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥ አድርጎ አሰለፈው። 21 ጊዜ ሮጦ 344 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)! የተወረወረለትንና ተጋጣሚ የመታውን ኳስ ይዞ የመለሰውን ስትደምርበት 572። ውጤቱስ? 50 ለ 49 ተሸነፉ። በቃ።

የማታ ሹፌር፦
ኧረ በናትህ! 49 ነጥብ አግብቶ ለተሸነፈ ቡድን ጥፋተኛው አጥቂው ነው? የኦክላሆማው ኮርተርባክ (ኳስ ወርዋሪው) ላንድሪ ጆንስ በዚያ ጨዋታ 554 ያርድ ወርውሮ 6 ታችዳውን (ጎል በሉት) አስቆጥሯል። ተከላካዩ ተኝቶ አንተ ሯጩን ትከሳለህ። ኦስቲን ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ገደማ ነው። ዳር ቆሞ እስኪወረወርለት ቢጠብቅ ኖሮ ያን ሁሉ ያርድ ከየት ያመጣው ነበር? ፈጣን ልጅ ካለህ ኳሱን በእጁ አስይዘው፣ አለቀ።

ቀኝ ክንፍ፦
ሁለታችሁም የሜዳውን ነገር ረሳችሁት። ኮሌጅ ላይ በሜዳው መሀል ያሉት ሁለቱ የሃሽ መስመሮች፣ ማለትም ኳሱ ለጨዋታ መጀመሪያ የሚቀመጥባቸው ድንበሮች፣ በ40 ጫማ ይራራቃሉ፣ የባለሙያዎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል ላይ ግን በ18 ጫማ ተኩል ብቻ። የሜዳው ወርድ በሁለቱም ዘንድ 160 ጫማ ነው። ስለዚህ ኮሌጅ ውስጥ ኳሱ አንዱ ሃሽ ላይ ሲቀመጥ በአንድ ወገን 60 ጫማ፣ በሌላው ደግሞ 100 ጫማ ባዶ ሜዳ አለ። መቶ ጫማ ማለት 30 ሜትር ነው! ለፈጣን ልጅ ይሄ ሠርግና ምላሽ ነው። ጄት ስዊፕ የሚባለው የሩጫ ስልት የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ልጁ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት በጎን መሮጥ ይጀምራል፣ ኳሱን ሲቀበል እሱ በሙሉ ፍጥነት ላይ ነው፣ ተከላካዩ ግን ገና ከቆመበት መነሳቱ ነው። አሁን ደግሞ ብዙዎቹ ኮርተርባኩ ኳሱን በእጁ ከሚያስይዘው ይልቅ በአጭሩ ወደፊት ወርወር እንዲያደርግለት ያደርጋሉ። ሕጉ እንደ ፓስ ስለሚቆጥረው ቢያመልጠው ያልተያዘ ፓስ ነው እንጂ ፈምብል፣ ማንም አንስቶ የሚወስደው የወደቀ ኳስ፣ አይባልም።

ፍራሹ፦
እኔ ኳሱ ለምን ክብ እንዳልሆነ እስካሁን አልገባኝም። ቀጥሉ ግን።

አባ መላ፦
ቀኝ ክንፍ የኔን ነገር አጠነከርክልኝ። ልጁ በጎን ሲሮጥ ላይንባከሮቹ (የመሀል ተከላካዮቹ) አብረውት ካልሄዱ ዳሩን ይበላቸዋል፣ ከሄዱ ደግሞ መሀሉ ይከፈታል። ያኔ ኳሱን መሀል ለሚገባው ትሰጣለህ። ማለትም ሯጩ ኳስ ሳይነካ ሥራውን ሠርቷል! የፍሎሪዳውን ፐርሲ ሃርቪን ተመልከቱ። በ2008 የውድድር ዘመን 70 ጊዜ ሮጦ 660 ያርድ፣ 40 ኳስ ተቀብሎ 644። በጨዋታ ሲካፈል 10 እንኳ አይሞላም። የቀረውን ጊዜ ማስፈራሪያ ነበር።

የማታ ሹፌር፦
እሺ ማስፈራሪያ ይሁን። የዚያው ዘመን የዋንጫ ጨዋታ ላይስ? ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ የኮንፈረንሱ ፍጻሜ ላይ አልተሰለፈም። ለዋንጫው ግን በዚያው እግሩ ገብቶ ኦክላሆማ ላይ 9 ጊዜ ሮጠ፣ 122 ያርድ! 24 ለ 14 አሸነፉ። ቁርጡ ቀን ሲመጣ ኳሱን ሰጡት አይደል? ያልሰጡትን ልንገራችሁ። ጃንዋሪ 2006፣ ሮዝ ቦውል የተባለው የዋንጫ ጨዋታ፣ ዩኤስሲ (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ከቴክሳስ። ዩኤስሲ እየመራ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቀርቶታል፣ አራተኛ ዳውን፣ ማለትም የመጨረሻ ሙከራቸው፣ ኳሱን ላለመነጠቅ የቀራቸው ሁለት ያርድ ነው። የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ የሄይስማን አሸናፊው ሯጫቸው ሬጂ ቡሽ የት ነበር? ውጭ ቆሞ ያያል! በሌላው ሯጫቸው በሌንዴል ዋይት ተሞከረና ተያዘ፣ የቴክሳሱ ቪንስ ያንግ 19 ሰከንድ ሲቀር ሮጦ አገባ፣ 41 ለ 38።

አባ መላ፦
ዋይት እኮ በዚያ ጨዋታ 124 ያርድ ሮጦ 3 ታችዳውን ያገባ ነው። ሁለት ያርድ ለግዙፍ ልጅ እንጂ ለሯጭ አይሰጥም። እኔም ብሆን ለእሱ ነው የምሰጠው።

ቀኝ ክንፍ፦
ስጠው። ቡሽን ግን ለምን ታስወጣዋለህ? ቢያንስ ዳር ቢቆም አንድ ሁለት ሰው ይዞ ይሄድ ነበር። አንተው ራስህ ከላይ ያልከው ነገር ነው።

አባ መላ፦
እሱስ እውነት ነው። እዚህ ላይ አሰልጣኙን አልከላከልለትም።

እናት ነኝ፦
ወንድሞቼ፣ እናንተ በቲቪ ያያችሁትን ነው የምታወሩት። የኔ ልጅ ሃይስኩል ይጫወታል። ደቃቃ ነው፣ ግን ይበራል። አሰልጣኙ ይሄን ካወቀ ጀምሮ ሌላ ሰው ያለ አይመስለውም። ባለፈው አርብ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፣ 26 ጊዜ መሬት ላይ ጣሉት። ሌሊት በረዶ ይዤ ጉልበቱ ስር ነበርኩ። ይቅርብህ ስለው «ማሚ፣ ኮሌጆቹ የሚያዩኝ ኳስ ስይዝ ነው» ይለኛል። ምን ልበለው?

የማታ ሹፌር፦
26? ኧረ ይሄስ ጭካኔ ነው። እኔ ስጡት ያልኩት እንዲህ አይደለም እህቴ።

ቀኝ ክንፍ፦
እህቴ፣ ኮሌጆቹ ፍጥነቱን የሚያዩበት ሌላ መንገድ አለ። በጸደይ የትምህርት ቤቱ ትራክ ቡድን ውስጥ ይግባ። በኤሌክትሮኒክ የተያዘ የ100 ሜትር ሰዓት ለመልማዮቹ ትልቅ ነገር ነው፣ እዚያ ደግሞ ማንም አይጥለውም። አሰልጣኙንም ፑንት፣ ተጋጣሚ በእግሩ የሚለጋውን ኳስ፣ መላሽ አድርጎ እንዲያሰልፈው ጠይቂው፣ ጥቂት ኳስ ነው የሚነካው ግን ክፍት ሜዳ ያገኛል።

ፍራሹ፦
የአበሻ ልጅ 100 ሜትር?

እናት ነኝ፦
አባቱም እንዲሁ ነው የሚለው። የኛ 10 ሺህ ነው እያለ ይስቅበታል። ለማንኛውም ሰኞ አሰልጣኙን አናግራለሁ።