የግብር ፍራንካችን በረዶ ይሥራ?

የማቲ እናት፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር ላንሳና እንከራከር። የምኖረው ስዊዘርላንድ፣ ቫሊስ ካንቶን (ክልል)፣ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። የመንደራችን የስኪ ሊፍት (ተንሸራታቹን ተራራ የሚያወጣው ማመላለሻ) ድርጅት ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል። ኮሙኑ (የመንደሩ አስተዳደር) በግብር ከፋዩ ገንዘብ የሰው ሰራሽ በረዶ ማሽን፣ ቧንቧና የውሃ ኩሬ ያሠራ ወይስ ይተው ተብሎ ድምፅ ልንሰጥ ነው። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ እጄ ላይ የወደቀ የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ ይኼ ሆነ። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ስነግራት "እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው፣ ለኛም ድምፅ ስጪልን" አለችኝ።

እኔ "ይሠራ" ወደሚለው አዘነብላለሁ። ባለቤቴ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው። ከፈረንጅ ገና እስከ አዲስ ዓመት ያለው ሳምንት ባዶ ከሆነ ክረምቱን ሙሉ ሰዓት ይቀንሱበታል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የበርኑ፦
አይሠራም እህቴ። ቁርጡን ልንገርሽ። ማሽኑ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። ሰው ሲያጓራ ሲሰማው ትልቅ ፍሪጅ ይመስለዋል። ሥራው ውሃውን በታመቀ አየር አድቅቆ ወደ ላይ መርጨት ብቻ ነው፣ ጠብታው መሬት ሳይነካ እንዲረጋ ውጪው ራሱ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ገደማ መውረድ አለበት፣ አየሩም ደረቅ ካልሆነ ከዚያም በላይ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። አሁን የ2023 አዲስ ዓመትን አስታውሺ። ጃንዋሪ 1 ቀን ደሌሞን ከተማ 20.2 ዲግሪ ተመዘገበ። ጃንዋሪ ነው የምልሽ! በዚያ ሰሞን ግሽታድ የስኪ ከተማ ላይ በረዶ በሄሊኮፕተር ያመላልሱ ነበር። አዴልቦደን ላይ የስኪ የዓለም ዋንጫው ሲካሄድ በቲቪ ያየሁት ግራና ቀኙ ሣር፣ መሃሉ ላይ የተዘረጋ አንድ ነጭ ነጠላ ነው።

በዚያው ዓመት የወጣ ጥናትም አለ። 2,234 የአውሮፓ የስኪ ቦታዎችን አይተው፣ የዓለም ሙቀት በ2 ዲግሪ ከጨመረ 53 በመቶዎቹ ከባድ የበረዶ እጥረት ያሰጋቸዋል ብለዋል። 1,300 ሜትር ላይ ያለች መንደር ኩሬ ቆፍራ ምን ልትሆን ነው?

የማቲ እናት፦
ወንድሜ ጥናቱን እኔም አይቼዋለሁ። 53 ያሉት ማሽን ከሌለ ነው። የመንሸራተቻው ግማሽ በማሽን ከተሸፈነ ቁጥሩ ወደ 27 ይወርዳል ይላል። ምነው ለአንተ የሚመችህን ብቻ ቆርጠህ አመጣህ?

የበርኑ፦
እሺ፣ እዚያ ላይ ያዝሽኝ። ግን ውሃውን እንቁጠረው። አንድ ሄክታር መሬት ላይ 30 ሳንቲ ሜትር በረዶ ለማንጠፍ ከ1 ሺህ ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ይሄዳል። በጀሪካን ልተርጉምልሽ? 20 ሊትር በሚይዘው ቢጫ ጀሪካን 50 ሺህ ጀሪካን ነው። ለአንድ ሄክታር። ለእህትሽ ይኼን ንገሪያትና ምን እንደምትል ጻፊልን።

ነርሷ፦
ጀሪካኑን ተወው፣ ያ ውሃ በፀደይ ቀልጦ አብዛኛው ወደ ወንዙ ይመለሳል። አዲስ አበባም አይደርስም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ውሃው የሚቀዳው ምንጩ በሚሳሳበት በክረምት ወር ነው፣ ማሽኑ የሚበላው መብራትም አለ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን "ስኪ የሀብታም ነው፣ እኛን አይመለከትም" የሚለው ወሬ ነው። እዚህ አገር ልጅ ክፍሉ በሙሉ ስኪ ካምፕ ሲሄድ እሱ ብቻ ቤት ሲቀር ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል። የኔ ትልቋ "ሆዴን አሞኛል በይልኝ" ብላኛለች፣ ገንዘብ እንደሌለን ስለገባት። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ 2017 መጨረሻ ላይ ካምፑ ግዴታ ከሆነ ወላጅ ከምግብ በላይ አይጠየቅም፣ እሱም በቀን ከ10 እስከ 16 ፍራንክ ነው ብሎ ወሰነ። ለብዙዎቻችን በር የከፈተ ውሳኔ ነው። ታዲያ ካምፑ የሚካሄደው የት ነው? ዘርማት? ያ ውድ የስኪ ከተማ ሊሆን አይችልም። እንደ የማቲ እናት መንደር ባሉት ርካሽና ትንንሽ ቦታዎች ነው። እነሱ ሲዘጉ የሚተርፉት በገና ሰሞን ለአንድ አዋቂ የቀን ትኬት ከ80 ፍራንክ በላይ የሚያስከፍሉት ናቸው። ያኔ በእርግጥም የሀብታም ይሆናል።

ከዴንቨር፦
እዚህ ኮሎራዶ ብዙዎቹ የስኪ ቦታዎች የመንግሥት ደን መሬት ላይ ናቸው፣ ማሽኑን ግን የሚገዛው ድርጅቱ ነው። ካተረፈ ለራሱ፣ ከከሰረ በራሱ። ለምን ሕዝቡ ይከፍላል? በነገራችን ላይ ስኪ "የኛ አይደለም" ለምትሉ፣ ሮቤል ተክለማርያም 2006 ቱሪን ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ የክረምት ኦሎምፒክ ገብቷል፣ 2010 ቫንኩቨርም ደግሟል። ያውም አገር አቋራጩን፣ ሽቅብ የሚገፋውን።

ጋሽ ሹፌሩ፦
ልጆች፣ እኔ ይኼን ሸለቆ በፖስታ አውቶቡስ ስመላለስበት ብዙ ዘመን ሆነኝ። የገና ሳምንት መንገደኛው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 5:40 ላይ የሚሳፈሩት አልጋ አንጣፊዎችና ሳህን አጣቢዎች ናቸው። ግማሹ ፖርቱጋላዊ፣ ከዚያ እኛና ኤርትራውያኑ። ስኪ ተሸክሞ የሚሳፈረው ሰው ከ8 በኋላ ነው የሚመጣው። ታዲያ ሊፍቱ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚጎዳው የ5:40ው ሰው ነው።

ግን አይሥሩ ነው የምለው። ለምን? የ5:40ው ሰው የሚጠቀመው ገንዘቡ ቶሎ ሌላ ሥራ ላይ ከዋለ ነው። ኩሬውን ለመክፈል ሃያ ዓመት ይፈጃል እንበል፣ ሃያ ዓመት የሚቆይ ብርድ ማን ዋስ ሆኖ ይሰጣችኋል? ፈረንሳይ ጁራ ላይ ያሉት የመታቢየፍ ሰዎች ቁልቁለት ስኪው ከ2030 እስከ 2035 ባለው ጊዜ ያበቃል ብለው ቀድመው እየተዘጋጁ ነው። ጎረቤቶቼም ገንዘብ ላይ ቀልድ አያውቁም። 2018 ሰኔ ላይ እዚህ ሲዮን ከተማ ለታሰበው የ2026 የክረምት ኦሎምፒክ 100 ሚሊዮን ፍራንክ ስጡ ሲባሉ 54 በመቶው እምቢ አለ። ቫሊስ፣ ስኪ ላይ የተወለደው ቫሊስ! አንቺም እምቢ ብትዪ ባዕድ አያሰኝሽም ልጄ።

የማቲ እናት፦
ጋሼ እርስዎ ሲናገሩ ቀለል ይላል። ግን "ሌላ ሥራ" የሚሉት ምንድን ነው? የበጋ ብስክሌት? ባለቤቴ በበጋ ሁለት ወር ነው ሙሉ የሚሠራው። መታቢየፍ አሥር ዓመት ሰጥተው ነው የሚዘጋጁት፣ እኛን የሚጠይቁን ለዘንድሮ ነው። ማሽኑ አሥር ዓመት ቢገዛልን ልጄ ትምህርቱን ይጨርሳል። እኔ ከዚያ በላይ አላሰብኩም፣ እውነቴን ነው።

የበርኑ፦
ይኼ ነው ችግሩ። ሁሉም "የኔ አሥር ዓመት" ይላል። የስዊስ የበረዶ ግግር 2022 እና 2023 ሁለት ዓመት ብቻ ውስጥ አሥር በመቶውን አጥቷል። የምንበላው ከዚያው ነው።

ነርሷ፦
አንተ ግን ልጅህን ስኪ ትወስደዋለህ ወይስ አትወስደውም? ከመቼ ጀምሮ እንደዚህ ጸዳህ?

የበርኑ፦
ጥያቄው ስለ ግብር ነው።

ነርሷ፦
አልመለስክም!

ፍስክ አልነካም፦
ስለ ገና ስታወሩ አንድ ሰው እንኳ ጾሙን አለማንሳቱ ገረመኝ። የፈረንጅ ገና ለኛ ታኅሣሥ 16 ነው፣ ነቢያት ጾም መሃል። አምና ቤተሰቡን ይዤ ተራራ ወጣሁ። ጎጆው ውስጥ አሥራ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ በየጠረጴዛው ላይ ፎንዱ ይንተከተካል፣ አይብና ነጭ ወይን፣ ሽታው ልብ ያጠፋል። እናቴ ከቦርሳዋ ቴርሞስ አወጣች። ሽሮ! በክዳኑ እየቀዳች እንጀራውን ከፎይል እየፈታች አጎረሰችን። አስተናጋጇ መጥታ ከውጪ የመጣ ምግብ አይፈቀድም ልትል ስትል እናቴ እሷንም አጎረሰቻት። ዝም ብላ ሄደች። የኛ ገና ሲደርስ ደግሞ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ስለዚህ ድምፄ ሊፍቱ ይቅር፣ ታኅሣሥ 29 እረፍት ይሰጠን ነው።

ከዴንቨር፦
በቃ እኚህ እናት ለኮሙኑ ይወዳደሩ 😂

ጋሽ ሹፌሩ፦
ሽሮው ላይ እኔም እስማማለሁ። ለማቲ እናት ግን አንድ ነገር ልጨምር። ስብሰባው ላይ እጅሽን ከማውጣትሽ በፊት ጠይቂ፦ ሊፍቱ ከከሰረ ዕዳው የማን ነው? ዋሱ ኮሙኑ ከሆነ በጽሑፍ ይነበብልን በዪ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይኼን መጠየቅ የሚያፍር ብዙ ሰው አለ፣ ሊፍቱን የሚመራው የአክስቱ ልጅ ስለሆነ። አንቺ የማንም የአክስት ልጅ አይደለሽም።

የማቲ እናት፦
ይኼስ እውነት ነው ጋሼ። እጠይቃለሁ። ዕዳው ኮሙኑ ላይ ከሆነ "አይሥራ" እላለሁ፣ ባለቤቴ ቢቆጣም። ማክሰኞ ማታ ነው ስብሰባው፣ እነግራችኋለሁ።

ሌላ ጉዳይ፦ ማቲ ጥር ላይ ከክፍሉ ጋር ካምፕ ይሄዳል። 128 ቁጥር የስኪ ሱሪ ያለው ሰው ይኖራል? አዲሱ ውድ ነው፣ ለአምስት ቀን ብዬ ልገዛው አልፈልግም።

የበርኑ፦
እኔ ጋ አለ። የልጄ ነው፣ አጠረው። ግራ ጉልበቱ ላይ ትንሽ ተቀዷል። አድራሻሽን በውስጥ ላኪልኝ፣ ነገ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ።

ነርሷ፦
😂😂😂