ለሕፃናት ዱቄት የሚሆን አኩሪ አተር፦ የፀረ ተባይ ቅሪቱን ለማስመርመር ከድሬዳዋ ናሙና እንዴት ይላካል?

ጥያቄ (የሳቢያኗ አምራች፣ ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አባላት። እኔና ሦስት ጓደኞቼ ሳቢያን ውስጥ ተደራጅተን አኩሪ አተር፣ በቆሎ፣ ገብስና ለውዝ ቆልተን በማስፈጨት ለሕፃናት የገንፎና የአጥሚት ዱቄት እናዘጋጃለን። አኩሪ አተሩን የምንገዛው ቀፊራ ከሚገኝ ጅምላ ነጋዴ ሲሆን፣ እርሱም ከፓዌ በኩል እንደሚያስመጣው ነግሮናል። በቅርቡ የገዛነውን 8 ኩንታል ስንፈታ ከአንዱ ጆንያ የነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ሸተተን፤ በእህሉ መካከልም ግራጫ አመድ የሚመስል ዱቄት አገኘን። ጆንያውን ለብቻው አስቀምጠነዋል፤ ከቀሩት ሰባቱም አንዲት ፍሬ አልቆላንም።

በዚሁ መካከል ዱቄታችንን የሚገዛን አንድ መዋዕለ ሕፃናት «ከፀረ ተባይ ሙሉ በሙሉ ነፃ» የሚል የላቦራቶሪ ማረጋገጫ እንድናቀርብ ጠየቀን። አዲስ አበባ ወደሚገኝ ላቦራቶሪ ደውዬ «የትኛው ፀረ ተባይ ይመርመርልሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። የሚመረመረው ጥሬው ፍሬ ነው ወይስ ያለቀለት ዱቄት? ምን ያህል ልላክ? ምን ብዬስ ልጠይቅ? ዱቄቱን የሚመገቡት ገና ስድስት ወር የሞላቸው ሕፃናት ስለሆኑ በግምት መሄድ አልፈልግም።

መልስ (የምግብ ኬሚስት፣ ሐረማያ)

እህቴ፣ እህሉን ከመቁላትዎ በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ነገር ነው። በቅድሚያ ስለ ማረጋገጫው ልናገር፤ «ሙሉ በሙሉ ነፃ» ብሎ የሚፈርም ኃላፊነት የሚሰማው ላቦራቶሪ የለም። ላቦራቶሪ ሊናገር የሚችለው «እነዚህን ንጥረ ነገሮች ፈልገን፣ ከዚህ መጠን በላይ አላገኘንም» ብሎ ነው፤ ያ መጠን ዘዴው በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለካው የሚችለው ዝቅተኛ ልክ ነው። ለሕፃናት ምግብ የአውሮፓ ኅብረት በጥቅሉ የሚጠቀምበት ገደብ 0.01 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ስለሆነ፣ የላቦራቶሪው ዝቅተኛ ልክ 0.05 ከሆነ «አልተገኘም» የሚለው ቃል ለእርስዎ ብዙ አይጠቅምም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ስለዚህ ቁጥር ይጠይቁ።

ሁለተኛው ቁም ነገር፣ አንድ ምርመራ ሁሉንም ፀረ ተባይ የማያሳይ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ላቦራቶሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ በሆነው «ካቸርስ» በተባለ ዘዴ ይሠራሉ፤ የተፈጨው እህል በውኃ ከራሰ በኋላ አሴቶናይትራይል በተባለ ፈሳሽ ኬሚካል ቅሪቱ ተጨምቆ ይወጣና፣ ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ በሚለካ መሣሪያ (በጋዝ ወይም በሊኩዊድ ክሮማቶግራፍ) ይለካል። በዚህ መንገድ ማላታይዮንን፣ ክሎርፓይሪፎስን፣ ዲዲቲንና መሰሎቻቸውን በመቶዎች እየቆጠሩ በአንድ ጊዜ መፈለግ ይቻላል። የአረም ማጥፊያው ግላይፎሴት ግን በውኃ እንጂ በዚህ ፈሳሽ በደንብ ስለማይሟሟ ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል፤ ለብቻው በተለየ ዘዴ መመርመር አለበት። ለደረቅ አኩሪ አተር የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል) የግላይፎሴት ገደብ 20 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም ስለሆነ፣ በዓለም ገበያ የሚፈቀደው ለሕፃናት ከሚፈለገው ምን ያህል እንደሚርቅ ከዚህ ይረዱታል።

አኩሪ አተር አምስት እጅ ቢከፈል አንዱ ያህል ዘይት መሆኑም ሥራውን ያከብደዋል፤ ቅባቱ ካልተወገደ መሣሪያውን ያጨናንቃል፣ ንባቡንም ያዛባል። «በአኩሪ አተር ላይ የማገገሚያ ሙከራ አድርጋችኋል?» ብለው ይጠይቁ። የታወቀ መጠን ጨምረው ከ70 እስከ 120 በመቶውን መልሰው ማግኘት አለባቸው። በስንዴ ብቻ የሞከሩ ከሆነ ሌላ ላቦራቶሪ ይፈልጉ።

መልስ (የቅመማ ቅመም ላኪ፣ ሐረር)

ኬሚስቱ ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ናሙናው ልጨምር፤ የከሰርኩት እዚያ ላይ ስለሆነ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ ሁለት እፍኝ በርበሬ ዘግኜ ልኬ ንጹሕ የሚል ውጤት መጣልኝ፤ ገዢው ከሌላ ጆንያ ወስዶ ሲያስመረምር ግን ሌላ ነገር ተገኘበትና ጭነቱ ተመለሰ። ላቦራቶሪው አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ።

የኮዴክስ የናሙና አወሳሰድ መመሪያ ከ50 እስከ 500 ኪሎ ለሚመዝን ጭነት ከ5 ቦታ፣ የእርስዎን ለመሰለ ከዚያ በላይ ለሆነ ጭነት ደግሞ ቢያንስ ከ10 ቦታ እንዲወሰድ ያዛል። የእህል ነጋዴዎች ጆንያ የሚወጉበትን ሹል ቱቦ ተውሰው ከእያንዳንዱ ጆንያ ከላይም፣ ከመካከልም፣ ከሥርም ያውጡ። በንጹሕ ላስቲክ ላይ ደባልቀው ክምሩን ለአራት ይክፈሉት፤ ትይዩ ያሉትን ሁለቱን ያስወግዱ፣ የቀሩትን እንደገና ይደባልቁ፤ ሁለት ኪሎ ያህል እስኪቀር ይደጋግሙት። አንዱን ኪሎ ይላኩ፣ ሌላውን አሽገውና ቀን ጽፈውበት በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ፤ ክርክር ቢነሳ ምስክርዎ እርሱ ነው። ሽታ ያለውን ጆንያ ግን ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ አይደባልቁት። ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት የነበረበት ከረጢትም አይጠቀሙ፤ እኛ አገር ጆንያ ስንት እጅ ዞሮ እንደሚመጣ ያውቃሉ።

ደረቅ ፍሬ ያለ በረዶ አዲስ አበባ ይደርሳል። ሆኖም የድሬዳዋን ሙቀት እያሰቡ ጥቅሉን መኪና ጣሪያ ላይ አያስጭኑት፤ በማታ ጉዞ ቢሆን ይመረጣል።

መልስ (የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ)

የሽታው ነገር አሳስቦኛል። የነጭ ሽንኩርት ሽታና ግራጫ ዱቄት ሲገናኙ በመጋዘን ለነቀዝ የሚጣለውን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ኪኒን ያመለክታሉ። ኪኒኑ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ግራጫው ዱቄት የኪኒኑ ትራፊ ነው። በደንቡ ቢሆን ኪኒኑ በከረጢት ወይም በሰሐን ተደርጎ ትራፊው ይለቀማል እንጂ ከእህሉ ጋር አይደባለቅም። ያልጨረሰ ቁራጭ ውስጡ ሊኖር ስለሚችል ጆንያውን ሰው ከሚያድርበት ቤት ያውጡት፣ ውኃ አያስነኩት፣ በባዶ እጅ አይንፉት። በእኔ ፍርድ ይህ ጆንያ ምርመራ ሳይጠብቅ ከሕፃናት ምግብ መውጣት አለበት፤ የነጋዴው ጥፋት መሆኑን አስረድተው ይመልሱለት። የፀረ ተባይ አያያዝ በአዋጅ የሚመራ ጉዳይ ስለሆነ፣ ነጋዴው አልሰማም ቢል ለግብርና ቢሮ ማመልከት ይችላሉ።

የሰባቱን ጆንያ ፎስፊን ማስለካት ከፈለጉም እርሱ ጋዝ ስለሆነ «ካቸርስ» አያገኘውም፤ ፍሬው ሳይፈጭ አየር በማያስወጣ ዕቃ ታሽጎ ለብቻው መላክ ይኖርበታል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጆንያውን ዛሬውኑ ከግቢ አስወጥተነዋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ አኩሪ አተሩን አጥበን፣ ዘፍዝፈን፣ ከዚያ ስለምንቆላው ቅሪት ቢኖርም ይጠፋል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው?

መልስ (የምግብ ኬሚስት፣ ሐረማያ)

በከፊል ብቻ እውነት ነው። ማጠብ ከላይ ያለውን አቧራና የተረጨ መድኃኒት ይቀንሳል። ግላይፎሴት ግን በቅጠሉ ገብቶ እስከ ፍሬው ውስጥ ስለሚዘልቅ በማጠብ ብቻ አይወጣም፤ የመቁላት ሙቀትም በቀላሉ አያፈርሰውም። ዲዲቲና ክሎርፓይሪፎስ ደግሞ ወደ ቅባት ስለሚያደሉ ከዘይቱ ጋር ይቆያሉ። የዘፈዘፋችሁበትን ውኃ መድፋት መልካም ልማድ ነው፤ ምርመራን ግን አይተካም።

ከዚሁ የተነሳ የሚመረመረው ጥሬው ፍሬ ይሁን። ገደቦቹ በአብዛኛው የተጻፉት ለጥሬ እህል ነው፤ በድብልቁ ውስጥ አኩሪ አተሩ ሩብ ብቻ ከሆነ ቅሪቱም በአራት እጥፍ ይቀጥንና ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ለውዙ የባቢሌ ከሆነ ግን እርሱን ለአፍላቶክሲን (ሻጋታ ለሚያመነጨው መርዝ) ለብቻው ያስመርምሩት፤ ለሕፃናት ከአኩሪ አተሩ ቅሪት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ እርሱ ነው።

ውጤቱ ሲመጣም ከቁጥሩ አጠገብ የመለኪያ እርግጠኝነት ወሰን፣ ማለትም እውነተኛው መጠን ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል፣ መጻፉን ይመልከቱ። በአውሮፓ የቁጥጥር አሠራር ይህ ወሰን በተለምዶ 50 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚወሰድ፣ 0.012 የሚል ውጤት በራሱ ገደቡ ለመጣሱ ማስረጃ አይሆንም። ላቦራቶሪው የ17025 (የላቦራቶሪ ብቃት ዓለም አቀፍ ደረጃ) ዕውቅና አለኝ ቢልዎ የዕውቅናውን ወሰን ይጠይቁት፤ ዕውቅናው ለውኃ ምርመራ ብቻ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ይህንን ከኢትዮጵያ አክሪዲቴሽን አገልግሎት ማጣራት ይቻላል።

ጠያቂዋ

ነገ ለላቦራቶሪው የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ከ7 ኩንታል ላይ ከ10 ቦታ የተወሰደ 1 ኪሎ ጥሬ አኩሪ አተር ልከናል። በ0.01 ዝቅተኛ ልክ የብዙ ፀረ ተባዮች ምርመራ፣ ግላይፎሴት ለብቻው፣ እንዲሁም አሽገን በላክነው ሁለተኛ ዕቃ ላይ ፎስፊን እንዲለካልን እንጠይቃለን።» ለመዋዕለ ሕፃናቱም «ነፃ» በሚለው ቃል ፈንታ የተፈለጉትን ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ከነልካቸው እንደምንሰጣቸው ነግሬያቸው ተስማምተዋል። ውጤቱ ሲደርሰኝ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።