ልጄ ከቺፕስና ብስኩት ሌላ መክሰስ አይፈልግም፤ ምን ላድርግ?

እናት ከጀሞ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ6 ዓመት ወንድና የ3 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ፤ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ትልቁ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት ይመጣል። ምሳ ዕቃውን ስከፍተው ፍርፍሩ ግማሹ እንዳለ ነው። ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ቺፕስ ግዢልኝ» ይላል። ሱቁ ከብሎካችን ሥር ነው። እምቢ ስለው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፣ ጎረቤት ይወጣል፣ በመጨረሻ እገዛለታለሁ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ራት ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ በልቶ «ጠገብኩ» ይላል። ትንሿም እሱን እያየች እንደሱ ሆናለች።

ባለቤቴ ማታ ሲገባ ፌስታል ይዞ ነው፦ ብስኩት፣ ከረሜላ፣ የታሸገ ጁስ። ልጆቹ በር ላይ ጠብቀው «አባቢ ምን አመጣህልን?» ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ሳያያቸው ውሎ ባዶ እጁን መግባት ይከብደዋል። ስናገረው «አባቴ ደሞዝ የተቀበለ ቀን ብቻ ነበር ብርቱካን የሚያመጣልን፤ ልጆቼ ሲናፍቁ አያድጉም» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልጆቹ ሲተኙ ድራማ እያየሁ ቺፕስ እበላለሁ። ባለፈው ልጄ ባዶውን ከረጢት ከሶፋው ትራስ ሥር አግኝቶ አሳየኝ። ክረምት ላይ ግን እናቴ ጋ ደብረ ብርሃን ሁለት ሳምንት ከርሞ የገብስ ቆሎና የተቀቀለ ድንች ሲበላ ነበር። አንድም ቀን ቺፕስ አልጠየቀም። እዚያ የተቻለው እኔ ቤት ለምን አቃተ?

የሦስት ልጆች አባት፦
እህቴ፣ ባለቤትሽን በፌስታሉ አትጣዪው። እኔም እንደሱ ነበርኩ። «አታምጣ» ስባል የምወዳቸውን ልጆች ተከልከል የተባልኩ ያህል ነበር የሚሰማኝ። አባቱ ያመጡለት የነበረው ብርቱካን ነው አይደል? እሱኑ ያምጣ። በር ላይ ሰጥቶ ከመግባት ይልቅ ተቀምጦ አብሯቸው ይላጥ። እኔ በቆሎ እሸት ሲደርስ የተጠበሰ ይዤ እገባለሁ፣ አንዱን ለአራት ሰብረን እንበላለን። መጀመሪያ ሦስት ቀን ያህል ኩርፊያ ነበር። አሁን ፌስታሉን ከፍተው ሳያዩ በፊት እላዬ ላይ ይንጠላጠላሉ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ልጅሽ ሲመጣ በእርግጥ ርቦታል፤ ምሳውን አልጨረሰም። ስለዚህ መክሰሱ ምግብ ይሁን፣ እሱ ከመድረሱ በፊትም ጠረጴዛ ላይ ይቅረብ፦ ድንች፣ እንቁላል፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ዳቦ። ርቦት በቆመ ልጅና በሱቁ መሃል ክርክር ከተጀመረ ሱቁ ያሸንፋል። ምን እንደሚቀርብና በስንት ሰዓት እንደሚቀርብ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ለእሱ ተይለት። ድንቹን ዛሬ ባይነካው ነገም አቅርቢው፤ ልጆች አንድን ምግብ እስኪለምዱት አሥር ጊዜም ሊፈጅ ይችላል።

ቺፕስን ጨርሶ እርም አታድርጊበት። ሊያን በርች የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሠሩት ጥናት፣ ልጆች ዓይናቸው እያየ የተከለከሉትን ምግብ ይበልጥ ሲመኙት ታይቷል። ቤት ውስጥ አይከማች፣ በሆነ ቀን ግን ያለ ጭቅጭቅ ይብላ። «ራትህን ከጨረስክ ብስኩት አለ» የሚለውንም ተዪው፤ ራቱን ቅጣት ብስኩቱን ሽልማት ያደርግበታል።

ስለ መጠጥ፦ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ምግብና መጠጥ ላይ ከሚጨመር ስኳር የሚገኘው ጉልበት ከቀኑ ጉልበት 10 በመቶ በታች ይሁን ይላል። ለ6 ዓመት ልጅ ያቺ አንዲት ጠርሙስ የቀኑን ድርሻ ልትጨርስ ምንም አይቀራትም። የታሸገ ጁስም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ስለሚቀንስ ከመክሰሱ ጋር አትስጫቸው።

አንድ ነገር አደራ፦ ለ3 ዓመቷ ቆሎ፣ ለውዝ፣ የተቆላ ሽምብራ አይሰጥ፤ ሊያንቃት ይችላል። ለእሷ በሶ ጭብጦ ይሻላል።

ሰሚራ የአዳማ፦
ቀን ቀን ትንሿን የሚይዛት ማነው? እኛ ቤት ሞግዚቷ ልጁ እንዳያለቅስ ብላ ከረሜላ ትሰጠው እንደነበር ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። አልተቆጣኋትም። አብረን ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ እሷም መክሰስ ማዘጋጀት ጀመረች።

እናት ከጀሞ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ 11ኛ ቀናችን ነው። የመጀመሪያ ቀን ድንቹን ሳይነካ ደረጃው ላይ ወጥቶ አለቀሰ። ሳህኑን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩና ድንቹን እየላጥኩ መብላት ጀመርኩ። ጎረቤቴ ወጥታ ስታይ «መክሰስ እየበላን ነው፣ ነይ ቅመሺ» አልኳት። በአራተኛው ቀን ከእጄ ወሰደ። የማታውን ቺፕስ እኔም ትቻለሁ።

ባለቤቴ ያቺን ብርቱካን ስጠቅስለት ለብዙ ጊዜ ዝም አለ። በማግሥቱ አራት ብርቱካን ይዞ ገባ። አባቱ ልጣጩን ሳይበጥሱ እንዴት ይልጡት እንደነበር ለልጆቹ አሳያቸው። አሁን ትልቁ እኔ ካልላጥኩ ይላል። ቅዳሜ ቺፕስ ጠየቀ፣ አንድ ገዝተን ለአራት ተካፈልን። ራት ግን ገና ነው፤ ትናንት አምስት ጉርሻ ሽሮ በልቶ ተነሣ፣ እኛም ዝም አልነው።