እማዬን ይዤ ኤመራልድ ሌክ መውጣት ይቻላል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ አውሮራ ኮሎራዶ ነኝ። እማዬ ከአዲስ መጥታ ቤት መዋል ሰልችቷታል፣ ጁን መጨረሻ ላይ ከ7 ዓመት ልጄ ጋር ሮኪ ማውንቴን ፓርክ ወስጃት ከቤር ሌክ እስከ ኤመራልድ ሌክ በእግር ልንወጣ ነው ያሰብኩት። ትንሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ፐርሚት የሚሉት ነገር እንዴት ነው? ከፍታውስ አይከብዳትም? ስኒከር ይበቃል?

አቤል፦ ፐርሚቱ ታይምድ ኢንትሪ ይባላል፣ የምትገቢበትን ሰዓት ቀድመሽ የምትይዢበት ነው፣ ሬክሪዬሽን ዶት ጎቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው፣ ግን ልብ በይ ሁለት ዓይነት አለ፣ "ቤር ሌክ ሮድ" የሚለውን ካልያዝሽ ሌላው እዚያ አያስገባሽም። ካለቀብሽ ማታ በ7 ሰዓት (በነሱ አቆጣጠር) ለነገ የሚለቁት አለ፣ ቶሎ ነው የሚያልቀው። የመግቢያው ክፍያ ለብቻው ነው።

እቴነሽ፦ ከፍታውን አትፍሪ፣ ኤመራልድ 3,080 ሜትር አካባቢ ነው፣ እንጦጦ ማርያም ስትሳለም የኖረች እናት አንቺን ቀድማሽ ነው የምትወጣው ሃሃ። የደም ግፊት ወይ የልብ ነገር ካለባቸው ግን መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ። እኔን የሚያሳስበኝ ጉልበቱ ነው፣ በተለይ መውረዱ፣ ዱላ ያዙላቸው።

ሳሚ ዲ፦ ጁን ላይ ከድሪም ሌክ በላይ ብዙ ጊዜ በረዶ አለ፣ ተረግጦ ተረግጦ መስታወት ይሆናል፣ በስኒከር አይሞከርም፣ ጫማ ላይ የሚታሰረውን ማይክሮስፓይክ ተከራዩ። ካልሆነ ድሪም ሌክ ላይ ተመለሱ፣ ከመኪና ማቆሚያው 1.8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ጥድ ጥዱን ይዛችሁ ኒምፍ ሌክን አልፋችሁ ነው የምትደርሱት። ለኔ እንደውም ከኤመራልድ ድሪም ይበልጣል። ብቻ በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ።

እቴነሽ፦ ቆይ፣ ጁን እኮ የሐዋርያት ጾም ነው፣ እናትሽ ይጾማሉ?

ጠያቂዋ፦ ውይ አዎ፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አትቀምስም፣ ብለምናትም እሺ አትልም።

እቴነሽ፦ እንግዲያ ተይው፣ እዚያ ላይ ውሃ ሳይጠጡ መውጣት ጥሩ አይደለም፣ ጠብቀሽ ልውጣ ብትዪ ደግሞ መብረቁ አለ። ጾሙ ሐምሌ 5 ይፈታል፣ በነሱ ጁላይ 12፣ ከዚያ በኋላ አድርጊው፣ በረዶውም ይቀልላል።

ሳሚ ዲ፦ ልክ ናት። የጁላይ ፐርሚት የሚለቀቀው ጁን 1 ስለነበር ካጣሽ ያቺኑ የማታዋን ጠብቂ። ሽንት ቤት ደግሞ ቤር ሌክ ፓርኪንጉ ጋ ብቻ ነው፣ ልጁን እዚያው አስጨርሺው።