«ከውሻ ይቀላል» የተባለው አክሶሎትል

ቀዝቃዛ ውሃ፦
ባለ ገንዳው ስለ አክሶሎትል (ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚኖር የሜክሲኮ ሳላማንደር ነው፤ መልኩ እንሽላሊት ይመስላል) ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ የለጠፈውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። «አክሶሎትል ከውሻ ይቀላል፤ አይጮኽም፣ ውጭ አውጡኝ አይልም፣ ፀጉሩ አይረግፍም። ልጆቻችሁ ማይንክራፍት የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ አይተው ከጠየቋችሁ ግዙላቸው» ነው የሚለው። ከሥሩ የተሰለፈው ሁሉ «የት ይሸጣል? ስንት ነው?» ይላል። ውሃው ስንት ዲግሪ መሆን እንዳለበት የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው የሚፈልገው። 20ን ይችላል፤ 24 ላይ ከሰነበተ ግን ምግብ ይተዋል፣ ስንጥቡ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይወጣበታል፣ ከዚያ ሞት ነው። በሙቀት ወራት ሳሎናችሁ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ሳትለኩ «ግዙላቸው» አይባልም።

ባለ ገንዳው፦
ከውሻ ይቀላል ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። የማታ ፈረቃ ለሚሠራ፣ አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ውሻውን በቀን ሁለቴ ማን ያወጣለታል? አክሶሎትል ከጎለመሰ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ አንድ ሁለት የምድር ትል ይበቃዋል። ከሥር የተኛውን ቆሻሻ በመምጠጫ ማንሣት፣ በሳምንት አንዴ ከውሃው ሩቡን ስቦ መተካት፤ በቃ። ጤነኛ ከሆነ ሳምንት ሳይበላ ቢቆይ እንኳ አይጎዳም። ይሄ ካልቀለለ ቀላል የሚባል እንስሳ የለም።

ቀዝቃዛ ውሃ፦
«ሩቡን መተካት» ላይ ከመድረስህ በፊት ያለውን ሁለት ወር ዘለልከው እኮ! አዲስ ገንዳ ውስጥ አሞኒያ የሚበላ ባክቴሪያ የለም። ከእንስሳው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ስንጥቡንና ቆዳውን ያቃጥለዋል። ስለዚህ እንስሳው ከመገዛቱ በፊት ገንዳው ይሞላል፣ ፊልተሩ ይነሣል፣ ንጹሕ አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪሆን ድረስ ይጨመራል፣ ከዚያ እየለኩ መጠበቅ ነው። ባክቴሪያው አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ እሱም መርዝ ነው፤ ቀጥሎ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት። 2 ሚሊግራም ጨምረህ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲመጣ ነው ገንዳው ደረሰ የሚባለው። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በ16 ዲግሪ ባክቴሪያው ስለሚያዘግም በዚያ ጊዜ ውሃውን እስከ 26 አሙቆ፣ መጨረሻ ላይ ማቀዝቀዝ ይሻላል። ከዚያ አብዛኛውን ውሃ ቀይሮ ናይትሬቱን በሊትር ከ20 ሚሊግራም በታች ማውረድ። ሰው ግን ገንዳውንም እንስሳውንም በአንድ ቅዳሜ ገዝቶ ይገባል፤ በሁለተኛው ሳምንት ይሞትበታል።

ጆርጂያ አቬኑ፦
ዋሽንግተን ዲሲ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። «ውሃውን በባልዲ አሳድሩት» የሚለው ምክር እዚህ አይሠራም። የዲሲ የቧንቧ ውሃ የሚታከመው በክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውህድ) ነው፤ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይመለሳል። ክሎሪን ሲያድር ይተናል፣ ክሎራሚን አይተንም። ውሃው ላይ የሚጨመረው የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ደግሞ ክሎራሚኑን ሲሰብረው አሞኒያ ይለቀቃል፤ ስለዚህ አሞኒያውንም የሚያስረውን ዓይነት ነው መግዛት። ጠርሙሱ ላይ እሬት አለበት የሚል ካያችሁ መልሱት፤ ለዓሣ የታሰበ ነው፣ ለዚህ ቆዳ አይሆንም። ፊልተሩንም በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፤ ሁለት ወር የጠበቃችሁት ባክቴሪያ በአንድ እጥበት ይሄዳል። ከገንዳው በወጣ ውሃ መጭመቅ ይበቃል።

ባለ ገንዳው፦
ይሄ ሁሉ አንዴ የሚሠራ ሥራ ነው። ውሻም መጀመሪያ ክትባት አለው፣ ሥልጠና አለው። ገንዳው ከቆመ በኋላ ያለውን አወዳድሩ፤ ከውሻ ይቀላል።

መምህር ዘባዮሎጂ፦
ልጄ ባለ ገንዳው፣ እኔን ያሳሰበኝ «አይጮኽም» ያልኸው ነው። ሲያመውም አይጮኽም። ውሻ ያለቅሳል፣ ያነክሳል፣ በሩን ይቧጭራል፤ ይህ እንስሳ ግን ሕመሙን የሚናገረው በሰውነቱ ቅርጽ ብቻ ነው፣ ያንን ማንበብ የባለቤቱ ፋንታ ነው። ስንጥቦቹ ወደ ፊት ከታጠፉ የፊልተሩ ሞገድ በርትቶበታል ወይም ውሃው ተበላሽቷል። የጭራው ጫፍ እንደ መንጠቆ ከተጠመዘዘ ጭንቀት ነው። ትል አፉ ውስጥ አስገብቶ መልሶ ከተፋ፣ ወይም ተንሳፍፎ መውረድ ካቃተው፣ በዚያው ሰዓት ውሃው ይለካል፤ አሞኒያ ከተገኘ እንስሳው ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ወዳለበት ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ይወጣል፣ ውሃው በየቀኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሐኪም በየሠፈሩ አይገኝም፤ የውሻ ሐኪም አብዛኛው አይቀበለውም።

ባለ ገንዳው፦
መምህር፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን የዓሣ ባለቤትም ይህንኑ ይማራል። ማንም ሲወለድ አያውቅም።

ማሚ ኦክላንድ፦
የዓሣ ባለቤት አይደለም የተባለው! «ለልጆቻችሁ ግዙላቸው» ነው ያልከው። ልጅ መንካት ይወዳል፤ ይሄ እንስሳ አይነካም። ቆዳው ውሃና መርዝ ያስገባል፣ አጽሙ አብዛኛው ለስላሳ ነው፣ እጅ ላይ ያለ ሳሙናና ሎሽን ሁሉ ይጎዳዋል። የዓይን ቆብ ስለሌለው ደማቅ መብራት ያስጨንቀዋል፤ ቀን ቀን ዋሻው ውስጥ ይተኛል። ማይንክራፍት ላይ ያለው ሰማያዊው ደግሞ በእውኑ ዓለም የለም፤ ልጁ እሱን ነው የጠየቀው። ይኖራል ደግሞ፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት። በዘጠኝ ዓመቱ የለመነ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ገንዳው ማን እጅ ላይ እንደሚቀር እናቶች እናውቀዋለን። እዚህ ካሊፎርኒያ ደግሞ ነገሩ ከመጀመሪያው ዝግ ነው፤ ሕጉ አክሶሎትል ማኖር ይከለክላል፣ ቢለቀቅ ከአገሬው ሳላማንደር ጋር ይዳቀላል ተብሎ። አንተ ግን ለሁላችንም በአንድ ላይ «ግዙላቸው» አልክ።

የዱባይ ልጅ፦
ባህረ ሰላጤው አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ያለ ቺለር (የገንዳ ውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን) አይታሰብም። ኤሲ 22 ላይ ብታደርጉት እንኳ ውሃው 22 ነው፤ ፓምፑ ራሱ ያሞቀዋል። በበጋ ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው «ቀዝቃዛ» ቧንቧ እጅ ያቃጥላል፤ ውሃ ስትቀይሩ ራሱ ቅየራው ይገድለዋል። የሚተካው ውሃ ቀድሞ ፍሪጅ ገብቶ ከገንዳው ጋር እኩል ዲግሪ መሆን አለበት። በረዶ የሞላ ጠርሙስ የሚጥሉ አሉ፤ ለአንድ ቀን ያድናል፣ ለወራት ግን አይሆንም፤ ሙቀቱ ሲወጣና ሲወርድ እንስሳው ይበልጥ ይዳከማል። ውሃው ገጽ ላይ የሚነፋ ፋን ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ያወርዳል፤ ከ28 ላይ ሦስት ቢወርድ 25 ነው፣ ምንም አልፈየደም። ቺለሩ ደግሞ ከእንስሳው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እና «ቀላል» የሚለውን አሠሪዎች ሲሰሙት፣ ልጃቸው የወደደውን እንስሳ ውሃ የምትቀዳው፣ ባልዲ የምትሸከመው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ከሞተም ተጠያቂዋ እሷ ናት። ይሄ ቀላል አይደለም።

ባለ ገንዳው፦
ስለ ዱባይ አልጻፍኩም። ስለ ዱባይ መልስ ስጥ አትበሉኝ።

የዱባይ ልጅ፦
ግሩፑ ውስጥ ግማሹ ከጅዳ፣ ከቤይሩትና ከዱባይ መሆኑን እያወቅክ ነው የጻፍከው።

አዲሳበቤ፦
የሙቀቱ ነገር ከሆነ አዲስ አበባ ትሻላለች። የትውልድ ቦታው ሶቺሚልኮ፣ ሜክሲኮ ሲቲ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ አዲስም ከ2,300 በላይ ናት። ጥላ ያለበት ክፍል ውስጥ ወለል ላይ የተቀመጠ ገንዳ ያለ ቺለር ሊይዝ ይችላል።

ቀዝቃዛ ውሃ፦
ሙቀቱን ተውና መብራቱን አስብ፤ ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል፣ ባክቴሪያው አየር አጥቶ መሞት ይጀምራል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕና የስፖንጅ ፊልተር ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ደግሞ ለቅየራ የሚሆን ሮቶ ውስጥ መኖር አለበት፤ የተጠራቀመውም ቢሆን ይለካል።

ጎንደሬው፦
እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ከሜክሲኮ እየታፈሰ፣ ዘሩ እየጠፋ ያለን ፍጥረት ለልጅ መጫወቻ ማድረግ ራሱ ነውር አይደለም ወይ?

መምህር ዘባዮሎጂ፦
ነውሩ የት እንደሆነ መለየት አለብን፣ ልጄ። በየቤቱ ያለው የአብዛኛው ሐረግ የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1864 ወደ ፓሪስ ከተላኩት 34 እንስሳት ነው፤ ስድስቱ ፈረንሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኦጉስት ዱሜሪል እጅ ገብተው ተዋልደው በዙ፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ ቤተ ሙከራዎች ተሠራጩ። በየሱቁ የሚሸጠው በአብዛኛው ከሶቺሚልኮ የታፈሰ አይደለም። እዚያ ያጠፋው ሌላ ነው፤ የከተማው ፍሳሽ ነው፣ ለምግብ ተብለው የተጨመሩት ካርፕና ቆሮሶ የተባሉ ዓሦችም እንቁላሉንና ጫጩቱን ይበሉታል። በ1998 በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ገደማ ይገመት የነበረው በ2014 ወደ 36 ወርዷል። የቤቱን መግዛት ያንን አይጎዳም፤ አያድንምም። የቤቱን ወደ ወንዝ መልቀቅ ግን በብዙ አገር በሕግ የተከለከለ ነው።

ጎንደሬው፦
«አያድንምም» ካሉ መምህር፣ ታዲያ ለምን ይገዛል?

ባለ ገንዳው፦
ስለሚወደድ! ሰው ውሻ የሚያሳድገው ተኩላ ለማዳን ነው? ብቸኛ እንዳይሆንበት ሁለት ግዙ ብዬ ልጨምር ነበር፤ ትቼዋለሁ፣ እሱንም ትነሡብኛላችሁ።

ጆርጂያ አቬኑ፦
እንነሣብሃለን፤ ምክንያቱም ብቸኝነት አይሰማውም። ጫጩት ሆነው አንድ ላይ ከተቀመጡ እግር ይበጣጠሳሉ፤ እግሩ መልሶ ይበቅላል፣ ግን ቁስሉ ሻጋታ ይይዛል። ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 1,000 እንቁላል ትጥላለች፣ ወንዱ ዕረፍት አይሰጣትም፣ እሷ ትከሳለች። ከመጎልመሳቸው በፊት ፆታቸው አይለይም፤ ሻጩ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ቢል አትመኑ። ለአንዱ ዝቅተኛው 75 ሊትር ነው፣ 150 ይሻላል። ቁመት ያለው ሳይሆን ወለሉ ረጅም የሆነ ገንዳ፤ እንስሳው የሚኖረው ወለል ላይ ነው።

ማሚ ኦክላንድ፦
ወለሉ ላይ ጠጠር አታድርጉ በሉ እንጂ። አፉን ከፍቶ ነው የሚስበው፤ ከትሉ ጋር ጠጠሩን ውጦ አንጀቱ ይዘጋል።

ባለ ገንዳው፦
ጠጠር አድርጉ ብዬ አላውቅም። ደቃቅ አሸዋ ነው የሚሆነው።

ቀዝቃዛ ውሃ፦
ደቃቅ አሸዋም ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች ላለ ጫጩት አይሆንም፤ ባዶ ወለል ነው። አንተ እንዲገዛ የምትመክረው ደግሞ ሱቅ ያለውን ነው፤ እሱ ጫጩት ነው። እሱን በየቀኑ ማብላት አለብህ። «በሦስት ቀን አንዴ» ያልከው ለሱ ረሃብ ነው።

ባለ ገንዳው፦
«ከጎለመሰ» ብያለሁ። ወደ ላይ ሂድና አንብበው።

ቀዝቃዛ ውሃ፦
እዚህ ክርክር ላይ ነው ያልከው። ትናንት የለጠፍከው ላይ የለም። ዲግሪውም የለም፣ ስምንቱ ሳምንትም የለም፣ የካሊፎርኒያ ክልከላም የለም።

ባለ ገንዳው፦
ዲግሪውን እጨምራለሁ። «ከውሻ ይቀላል» የሚለው ግን አይነሣም።

የዱባይ ልጅ፦
እንግዲያው ቺለሩንም ከነዋጋው ጨምር።

ማሚ ኦክላንድ፦
«ለልጆቻችሁ» የሚለውንም አንሣ።

ባለ ገንዳው፦
አላነሣም። ልጅ ትል በረጅም መቆንጠጫ ቢሰጥ፣ ቴርሞሜትር ጠዋትና ማታ ቢያነብ ምኑ ይከፋል?

ማሚ ኦክላንድ፦
አሥራ አምስት ዓመት ያነባል?