በፉጂያን የሃካ ሰዎችን የጋራ መኖሪያ ለመጎብኘት ለምታስቡ

ጤና ይስጥልኝ። በቻይና ፉጂያን ክፍለ ሀገር ካለችው የሺያሜን ከተማ ሳይርቁ የት መሄድ እንደሚቻል እህታችን ለጠየቀችው፣ መልሴ ሳላመነታ ሃካ የተባሉት የቻይና ማኅበረሰብ ሰዎች የሚኖሩባቸው ቱሎው የተባሉት የአፈር ሕንፃዎች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 46ቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

መጀመሪያ የባቡር ትኬቱን ነገር ልናገር፤ ከሕንፃዎቹ ከፊሎቹ የሚገኙበት ናንጂንግ ወረዳ፣ በጂያንግሱ ካለው ትልቁ የናንጂንግ ከተማ ጋር አጠራሩ ስለሚመሳሰል፣ እኔ ራሴ ለከተማው ልቆርጥ ስል ጓደኛዬ ናት ያስቆመችኝ። የቻይንኛ ፊደሉን አይታችሁ ቁረጡ።

እኔ የቆየሁት በአጎራባቹ ዮንግዲንግ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1709 ተሠርቶ ባለቀው ቼንግቺሎው በተባለው ቱሎው ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ አራት ክቦች ያሉት ሲሆን፣ የውጪው ክብ ባለ አራት ፎቅ ሆኖ በእያንዳንዱ ፎቅ 72 ክፍሎች አሉት፤ እምብርቱ ላይ ደግሞ የአያት ቅድመ አያቶች አዳራሽ ይገኛል። ግድግዳው በሳንቃ መካከል ተጠቅጥቆ የተሠራ አፈር ነው፤ እኛ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ጭድ እንደምንጨምርበት፣ እነሱ በውስጡ የቀርከሃ ስንጥቅ ያጋድማሉ። ከሁሉ የወደድኩት ግን አከፋፈሉን ነው። አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ከታች እስከ ላይ የተደራረቡ ክፍሎችን ስለሆነ፣ ምድር ቤቱ ማዕድ ቤት፣ ከበላዩ የእህል ጎተራ፣ ከዚያ በላይ መኝታ ይሆናል፤ ሀብታም ከላይ፣ ድሃ ከታች የሚባል ነገር የለም።

እባካችሁ፣ የሰው ቤት መሆኑን አትርሱ። ፎቅ መውጣት በብዙዎቹ የተከለከለ ነው፣ ማዕድ ቤት ውስጥም ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። እኔ ካሜራዬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ሰላምታ ስላቀረብኩ፣ በሰፌድ ጎመን ያሰጡ የነበሩ እናት በርጩማ ስበው አስቀመጡኝና ሻይ ቀዱልኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ ስነግራቸው፣ ሃካ ማለት ራሱ የእንግዳ ቤተሰብ ማለት እንደሆነና ቀደምቶቻቸው ከሰሜን ተሰደው እንደመጡ አስረዱኝ። በሰው አገር ለምኖር ለእኔ ያ ቃል ልቤን ነካው።

በመስከረም መጨረሻ የሚውለው ብሔራዊ በዓል መተላለፊያ እስኪጠፋ ስለሚጨናነቅ፣ ከተቻለ ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ሂዱ። ማደር የምትፈልጉ ከሆነ፣ ማረፊያው የውጭ ዜጋ ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ፓስፖርትም ያዙ። በጥንታዊዎቹ ሕንፃዎች መጸዳጃው ከግቢው ውጭ ሊሆን ስለሚችል፣ የእጅ ባትሪ አይለያችሁ።