ቢጫ ካርዴ ታጠበብኝ፣ ቅዳሜ በረራ አለኝ! ምን ላድርግ?

ሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)፣ ረቡዕ ማታ 2፡10
ሰላም የድሬ ልጆች፣ ድረሱልኝ። ቢጫ ካርዴ፣ ያ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃው፣ ጂንስ ኪስ ውስጥ እንዳለ ታጠበ። ማዘር ናት ያጠበችው፣ ኪሱን አላየችም። ወረቀቱ ደርቋል፣ ማህተሙ ግን ተዘርግቶ ሁሉን ነገር ሐምራዊ አድርጎታል። ስሜ ይነበባል። ቀኑ በግድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ በረራ አለኝ። ለትምህርት ነው፣ አንድ ሴሚስተር። የደበዘዘውን በስክሪብቶ ላድምቀው? ወይስ ነገ ድሬ ላይ እንደገና ልከተብ? ቶሎ መልሱልኝ፣ እንቅልፍ የለኝም።

አቦ ፈታ፣ 2፡14
አቦ፣ ካርዱም በኦሞ ተከተበ በይና!

ትኬት ቆራጭ፣ 2፡16
ወዴት ነው የምትሄጂው? አገሩን ሳትነግሪን ምን ብለን እንመልስልሽ?

ሳቢያን ልጅ፣ 2፡18
አክራ። ሌጎን፣ የጋና ዩኒቨርሲቲ። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል። የኛ ግቢ ጉዳዩን የያዘው ሰውዬ ስልክ አያነሳም።

ፈጣን መልስ፣ 2፡19
አዲስ ክትባት ውሰጂ። 5 ደቂቃ አይፈጅም። ካርዱን እዚያው ይሰጡሻል። ምን ያስጨንቃል?

ለምን ልበል፣ 2፡27
እኔ ከሥሩ ነው የማልስማማው። ሰው ውጭ ተማርኩ ለማለት ጀርመን ይሄዳል፣ ካናዳ ይሄዳል። ከድሬ ፀሐይ ተነስቶ አክራ ፀሐይ ላይ ማረፍ ምን የሚሉት ውጭ ነው? ደግሞ ቢጫ ካርድ ማንም አያይም። ናይሮቢ ስመላለስ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ዝም ብለሽ ሂጂ።

ሲስተር ቀፊራ፣ 2፡41
እህቴ፣ በስክሪብቶ እንዳትነኪው! ካርዱ ላይ ራሱ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተጽፏል። ስርዝ ድልዝ ካለበት ወይም ሳይሞላ የቀረ ቦታ ካለው ዋጋ ሊያጣ ይችላል። የታጠበ ካርድ ቢያንስ መታጠቡ ያስታውቃል። የተነካካ ካርድ ግን ፎርጅድ ይመስላል፣ ያኔ ማን ያምንሻል?

"እንደገና ተከተቢ" የሚሉሽንም ቶሎ አትስሚ። የመጀመሪያ ክትባት ካርድ መሥራት የሚጀምረው ከተከተብሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ሰውነት መከላከያውን እስኪያበጅ ማለት ነው። የነገ ቀን የተጻፈበት ካርድ ይዘሽ ቅዳሜ ብትቀርቢ፣ የሚያይሽ ሰው የድሮውን ክትባትሽን በምን ያውቃል? በገዛ እጅሽ ራስሽን አገድሽ ማለት ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ የድሮው ቀን የተጻፈበት ምትክ ካርድ ነው። የት ነው የተከተብሽው? መቼ?

ሳቢያን ልጅ፣ 2፡45
አዲስ አበባ፣ ፓስተር። አምና። ለሌላ ስልጠና ብዬ ነበር፣ ጉዞው ቀረ።

ሲስተር ቀፊራ፣ 2፡48
ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪን! ክትባት የሚሰጥ ቦታ መዝገብ አለው። ስምሽ፣ ቀኑ፣ የክትባቱ ባች ቁጥር እዚያ አለ። የታጠበውን ካርድ፣ ፓስፖርትሽንና ትኬትሽን ይዘሽ ሂጂና ምትክ ጠይቂ። የታጠበውን እንዳትጥይው፣ እሱ ራሱ ማስረጃ ነው።

ሳቢያን ልጅ፣ 2፡50
ከድሬ ወደ አዲስ አበባ የምበረው አርብ ማታ ነው እኮ።

ባለ 10 ዓመት፣ 2፡52
ቢጫ ካርድ 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ አትጨነቂ።

ሲስተር ቀፊራ፣ 2፡55
ወንድሜ፣ 10 ቀን ሌላ፣ 10 ዓመት ሌላ። ደግሞ 10 ዓመቱም ቀርቷል። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዴ የተከተበ ሰው ካርድ ዕድሜ ልክ ነው። በፊት የተሰጡትም ጭምር።

ፈጣን መልስ፣ 2፡58
እኔ ግን አሁንም እላለሁ፣ አዲስ ክትባት ትውሰድ። ቀላሉ እሱ ነው።

አቦ ፈታ፣ 2፡59
አንተን ራስህን ነው መከተብ፣ ማንበብ የሚያስችል ክትባት ካለ።

የኩባው፣ 3፡20
ልጄ፣ የ"ለምን ልበል"ን ወሬ ተይው። እኔ አባቴን ያጣሁት ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ጦርነቱ ሲደርስ ነው። በ1971 ዓ.ም. ከብዙ የጦር ሜዳ ልጆች ጋር በመርከብ ወደ ኩባ ተላክን። ያደግኩት ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ በሚባል ደሴት ነው። ግማሽ ቀን ክፍል፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ። አንጎላዎች የራሳቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው፣ ሞዛምቢኮችም፣ ናሚቢያዎችም። አፍሪካን ያወቅኩት ካሪቢያን ላይ ነው ብልሽ አትሳቂ።

አሁን ስለ ካርድሽ። ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት ብሎ የተናገረው ኩባዊ ሐኪም ነው፣ ካርሎስ ፊንላይ፣ በ1881 እ.ኤ.አ.። ያመነው ሰው ጥቂት ነበር። በ1900 የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ሃቫና ላይ ሞክረው ልክ ሆኖ አገኙት። ትንኟን ማጥፋት ባይጀመር የፓናማ ቦይ ባልተቆፈረም ነበር። ፈረንሳዮች መጀመሪያ ሞክረው በበሽታ አልቀዋል። እና ያቺ ወረቀት ቀልድ አይደለችም። እኛ በዘመናችን ለእያንዳንዱ ወረቀት...

አቦ ፈታ፣ 3፡22
ጋሼ፣ ልጅቷ ቅዳሜ ነው የምትበረው። ፓናማ ከመድረሳችን በፊት እንመለስ።

የኩባው፣ 3፡25
አንተ ስድ! የማን ልጅ ነህ? መጋላ አካባቢ ከሆንክ አባትህን አውቀዋለሁ።

ሲስተር ቀፊራ፣ 3፡29
ጋሼ ልክ ናቸው። ያቺ ትንኝ የሩቅ አገር እንዳትመስላችሁ። በ2013 እ.ኤ.አ. ድሬ ላይ ዴንጌ የሚባለውን ትኩሳት ያመጣችብን ራሷ ናት። በየቤቱ በርሜል ውስጥ ነው የምትራባው። ሳቢያን ልጅ፣ ክትባቱ ለወባ እንደማይሠራም እወቂ። ጋና ወባ አለ፣ የመከላከያ ኪኒን ሐኪም ጠይቂ። "የድሬ ልጅ ወባ ለምዷል" የሚሉሽን እንዳትሰሚ።

ጁገል በር፣ 3፡40
እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፣ ጃማይካ ነው የተማርኩት፣ የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሞና ግቢ። ጃማይካም ከኛ አገር ከሚመጣ ሰው ቢጫ ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱን የሚያይሽ ደግሞ የደረስሽበት አገር ብቻ እንዳይመስልሽ። ቼክ ኢን ላይም ያዩታል። መንገደኛ ከተመለሰ ጣጣው ለአየር መንገዱ ነው። ለምን ልበል፣ ናይሮቢ አልጠየቁኝም ማለት ደንቡ የለም ማለት አይደለም። ጋና ደግሞ ከየትም ና፣ ካርድህን ትላለች።

"ምን የሚሉት ውጭ ነው" ላልከው፦ የሞናውና የሌጎኑ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም በ1948 እ.ኤ.አ. ነው የተመሠረቱት፣ ሁለቱም ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር ኮሌጅ ሆነው። ሞና ግቢ ውስጥ የድሮ የስኳር እርሻ የውኃ ቦይ ፍርስራሽ አለ፣ ድንጋዩ እንዳለ ነው። ባሮች የሠሩበት መሬት ላይ ቁጭ ብለህ የካሪቢያን ታሪክ ስትማር፣ ጀርመን ብሄድ ይሻለኝ ነበር አትልም።

እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ከሐረር ነኝ ስል ራስታዎቹ ይከቡኛል። ንጉሡ የተወለዱበት ኤጀርሳ ጎሮ ምን ይመስላል? ስንት ሰዓት ያስኬዳል? ሚያዝያ 21 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ኪንግስተን የገቡበትን ቀን ዛሬም ያከብሩታል። ኤጀርሳ ጎሮን አላየሁትም ስላቸው ያፍሩብኛል፣ ዋላሂ። አንቺም አክራ ላይ ትጠየቂያለሽ። ስለ አድዋ፣ ስለ አፍሪካ አንድነት ድርጅት ትንሽ አንብበሽ ሂጂ። ንክሩማህና የኛ ንጉሥ ይነሳሉ፣ አይቀርልሽም።

ለምን ልበል፣ 3፡46
እሺ፣ ካርዱን ልቀበል። ስለ ጀርመን ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ኬንኬ በላተኛ፣ 4፡05
ሌጎን የሚል ቃል ሳይ ነው የነቃሁት! እዚያ ነበርኩ። ስሚኝ፣ ጥር ላይ ነው የምትደርሺው፣ ሐርማታን ገና አላለቀም። ከሰሃራ የሚመጣ ደረቅ አቧራ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። ቫዝሊን ያዢ። ሶኬታቸው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ የኛ ቻርጀር አይገባም። አዳፕተር ታይዋን ገበያ ግዢ። በግራ እጅሽ ለሰው ዕቃ አትስጪ፣ ገንዘብም አትቀበይ፣ ነውር ነው። እኔ ግራኝ ነኝ፣ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ሚኒባሱ ትሮትሮ ይባላል፣ ረዳቱ ሜት። እንደኛው ይጮኻሉ፣ አትደናገጪ። ቮልታ የሚባለው የሴቶች ማደሪያ ነው። የውጭ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርናሽናል ሆስቴል ነው የሚገባው። ባልም ላይብረሪ ለፈተና ሰሞን ቦታ ለመያዝ በጠዋት ግቢ። ምግብ ላይ፣ ኬንኬ የቦካ የበቆሎ ሊጥ ነው፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል። መጀመሪያ ትሸሺዋለሽ። ሺቶ የሚባለውን ጥቁር ሚጥሚጣ ነገር ስታገኚ ትመለሻለሽ። ዋቼ ሩዝና አደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ነው፣ ጠዋት በልተሽው እስከ ማታ አይርብሽም። ቪዛ ስትጠይቂ የቢጫ ካርዱን ኮፒ አላስገባሽም እንዴ? እኔን አስገባ ብለውኛል፣ ኢሜይልሽን ፈትሺ። ማታ ማታ ደግሞ ቺቺንጋ አለ፣ እንጨት ላይ የተሰካ ጥብስ፣ በኦቾሎኒ ዱቄት የታሸ። ወይኔ ራበኝ።

ፈጣን መልስ፣ 4፡08
ጋና ገንዘባቸው ምንድን ነው?

ኬንኬ በላተኛ፣ 4፡10
ሴዲ። ብዙው ነገር በሞባይል ነው የሚከፈለው፣ እንደ ቴሌብር በይው። ቲማቲም ሻጯም ሳትቀር በሞባይል ትቀበላለች።

ሳቢያን ልጅ፣ 4፡16
ኬንኬ!!! ኢሜይሌ ውስጥ አለ! ለቪዛ የላክሁት ስካን! ቀኑ፣ ባች ቁጥሩ፣ ማህተሙ፣ ሁሉም ይነበባል። አለቀስኩ።

ሲስተር ቀፊራ፣ 4፡20
ተመስገን። ግን እሱን ፕሪንት አድርጌ እበራለሁ እንዳትይ። ኮፒ ኦሪጅናል አይደለም። ስካኑ መዝገቡን ቶሎ ያስገኝልሻል፣ ጥቅሙ እሱ ነው። ምትኩን ስትቀበይ እዚያው ቆመሽ ፓስፖርት ቁጥርሽን፣ የትውልድ ቀንሽን፣ የስምሽን ፊደል ከፓስፖርትሽ ጋር አስተያዪ። "የአያት ስም" የሚለው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያንቺ ፊርማ የሚያርፍበት ቦታም አለ፣ ብዙው ሰው ባዶ ይተወዋል። ፈርሚበት።

ትኬት ቆራጭ፣ 4፡26
አሁን ወደ መንገዱ። አርብ ማታ ከድሬ ከበረርሽ ቢሮ ተዘግቶ ነው የምትደርሺው። የአገር ውስጡን ትኬት ወደ ነገ አዙሪው። ትንሽ ቅጣት ሊኖረው ይችላል፣ ክፈዪ። ነገ ከሰዓት አዲስ አበባ ከገባሽ አርብ ጠዋት በር ሲከፈት እዚያ ትገኛለሽ። አርብ የምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው፣ እንዳትረሺ። 5 ሰዓት ላይ ደርሳ ወረፋ ላይ የቀረች ሴት አውቃለሁ።

አቦ ፈታ፣ 4፡28
ባቡር ትያዛ! ርካሽ ነው፣ ግመልም እያየች ትሄዳለች።

ትኬት ቆራጭ፣ 4፡31
ባቡሩ በየቀኑ አይሄድም። ሲሄድም ለቡ ያወርድሻል፣ ከዚያ ፓስተር ድረስ ሌላ ጉዞ ነው። ለሽርሽር ጥሩ ነው፣ ለዚህ አይሆንም።

የኩባው፣ 4፡40
እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ዋናውን ካርድ በፕላስቲክ አድርገሽ ከፓስፖርቱ ጋር አንገትሽ ላይ አንጠልጥይ። እኛ ኩባ ስንሄድ ስማችን የተጻፈበት ካርቶን አንገታችን ላይ ነበር። ማንም አልጠፋም።

ሳቢያን ልጅ፣ 4፡44
እሺ ጋሼ፣ እንደዚያ አደርጋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትኬቱን አዙሬዋለሁ፣ ነገ 8 ሰዓት ላይ ነው። ሲስተር፣ ኬንኬ፣ ሁላችሁም ኑሩልኝ። አርብ ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ሳቢያን ልጅ፣ አርብ ጠዋት 2፡50
ደርሻለሁ። ወረፋ አለ። ከፊቴ ብዙ ሰው ነው። መዝገብ ፈላጊዋ ገና አልገባችም ይላሉ።

ሲስተር ቀፊራ፣ 2፡58
የቅዳሜ ትኬትሽን አሳዪያቸው፣ ዝም ብለሽ አትቁሚ።

አቦ ፈታ፣ አርብ ማታ 1፡30
እህ? ወጣ?

ጁገል በር፣ እሁድ 5፡15
ልጅቷ ምን ሆነች? በራ ይሆን?

ኬንኬ በላተኛ፣ እሁድ 5፡40
ከበረረች አሁን ሲም ካርድ ፍለጋ ላይ ናት። እዚያ ሲም ለማውጣትም ሌላ ምዝገባ አለ። ካልበረረች ደግሞ ማውራት አትፈልግም። ተዋት።

ፈጣን መልስ፣ ሰኞ 3፡05
አዲስ ክትባት ብትወስድ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

ሲስተር ቀፊራ፣ ሰኞ 3፡09
ያ ረቢ!

የቀላዳምባው፣ ሰኞ 4፡22
ሰላም፣ ካያችሁት አይቀር፦ እኔም በመጋቢት ወደ አክራ ነኝ፣ ለስልጠና። ትልቅ ሻንጣ የሚሸጥ አለ? ጎማው የሚሠራ።

ትኬት ቆራጭ፣ ሰኞ 4፡30
የሻንጣ ነገር ሌላ ርዕስ ክፈትለት። አንተ ግን ተከትበሃል?